«ማርያምን በል» ይቅር፦ ስለ መሐላ፣ ስለ ስድብና ስለ መልካም ንግግር ማሳሰቢያ

ከቤቱ ሳይነሣ «ሥላሴን፣ መንገድ ላይ ነኝ» የሚል፣ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት «ማርያምን፣ በመጣበት ዋጋ ነው የምሰጥሽ» ብሎ የሚሸጥ፣ ወዳጁ ወሬ በነገረው ቁጥር «እስቲ ማርያምን በል» የሚል ክርስቲያን በየሰፈራችን ሞልቷል። ይኸው ሰው ታክሲ ውስጥ የብልግና ቃል ከሰማ ፊቱን ያዞራል፣ ያማትባል። ስለ ንጹሕ አንደበት የምንሰማው ትምህርትም አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በብልግናው ቃል ላይ ነው። መሐላው እንደ ሰላምታ ስለተለመደ ማንም ልብ አይለውም።

ጌታ በተራራው ስብከት ሁለቱን አልነጣጠለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ወንድሙን የሚሰድብ ፍርድ እንደሚጠብቀው ያስጠነቅቃል (ቁ. 22)፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ጨርሶ እንዳንምል፣ አዎንታችንና እምቢታችን ያለ መሐላ እንዲቆሙ ያዛል (ቁ. 33–37)። ያዕቆብም አንደበት የሚያመጣውን ጥፋት በሰፊው ካብራራ በኋላ (3፥1–12) መልእክቱን ሊዘጋ ሲል መሐላን ነጥሎ ያነሣዋል (5፥12)።

መሐላ ሁለት ሠሪዎች አሉት፤ አንዱ የሚምለው፣ ሌላው የሚያስምለው ነው። አንዱ በተራ ቃሉ ስለሚዋሽ፣ ሌላው ተራ ቃልን ስለማይቀበል መሐላ በመካከላቸው ይበዛል። ስድብና እርግማንም የሚበዙት በዚሁ መንገድ፣ ተናጋሪውም ሰሚውም ቃልን ሲያረክሱት ነው። ስለዚህ ይህ ማሳሰቢያ ለአፍም ለጆሮም የተጻፈ ነው፤ ለኦርቶዶክሱም፣ ለካቶሊኩም፣ ለወንጌላዊውም ነው።

ሀ. መሐላን በተመለከተ

አታድርጉ

1. ሰውን አታስምሉ። «ማርያምን በል»፣ «ሚካኤልን በይ»፣ «እናትህ ትሙት?» ማለት ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ለወዳጃችሁ «ቃልህን ብቻውን አልቀበለውም» እያላችሁት ነው። ልጆች ኳስ ሜዳ ላይ ጎል ገባ አልገባም ሲባባሉ መጀመሪያ የሚሰማው ይኸው ነው፤ የተማሩትም ከእኛ ነው። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ የማለው በእሳቱ ዙሪያ የነበሩት ደጋግመው ሲያፋጥጡት ነው (ማቴ. 26፥69–74)። ክህደቱ የራሱ ነው፤ ያፋጠጡት ሰዎች ግን የሚያስመሰግን ነገር አልሠሩም።

2. የእግዚአብሔርንም ሆነ የቅዱሳንን ስም ለዋጋ ክርክር አታውጡ። «ማርያምን አላተርፍበትም» የሚል ነጋዴና «ማርያምን ከዚህ ሌላ ብር አልያዝኩም» የሚል ገዢ ሁለቱም እንደማይተማመኑ ያውቃሉ። ስሙ የተጠራው ለሁለቱም ውሸት መሸፈኛ እንዲሆን ነው። ስሙን በከንቱ አለመጥራት ከዐሥሩ ትእዛዛት አንዱ ነው (ዘጸ. 20፥7)፤ በሐሰት በስሙ መማልም ለብቻው ተከልክሏል (ዘሌ. 19፥12)።

3. «የእግዚአብሔርን ስም እኮ አልጠራሁም» ብላችሁ በእናት፣ በልጅ፣ በራሳችሁ ሞት አትማሉ። «እናቴ ትሙት»፣ «ልጆቼን»፣ «እኔ ልሙት»፣ «ዓይኔ ይጥፋ» አዲስ ዘዴ አይደለም። በጌታ ዘመን የነበሩ ሰዎችም ስሙን ላለመጥራት በሰማይ፣ በምድር፣ በኢየሩሳሌም፣ በራሳቸው ራስ ይምሉ ነበር፤ እሱም አንድ በአንድ እየጠቀሰ ዘጋባቸው። በንጉሡ ዘመን «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» ይባል ነበር። ዛሬ የሚገደለው እናትና አባት ነው።

4. ቤተ እምነት ስትለውጡ መሐላውን ብቻ ለውጣችሁ አትቀመጡ። «ማርያምን» ማለት ትቶ «ጌታን!»፣ «ኢየሱስን!» ማለት የጀመረ ሰው የተወው ነገር የለም። ከሁሉ የላቀ ነው ብሎ የሚያምነውን ስም ነው ለሽንኩርትና ለቀጠሮ ያወረደው።

5. በንዴትም ሆነ በደስታ ግለት ስለ ወደፊቱ አትማሉ። ሄሮድስ በልደቱ ግብዣ፣ በዘፈን መካከል፣ የፈለግሽውን እሰጥሻለሁ ብሎ ማለ፤ እንግዶቹን አፍሮ መጥምቁ ዮሐንስን አስገደለ (ማር. 6፥21–28)። ዮፍታሔም በችኮላ የተሳለው ስለት በገዛ ልጁ ላይ ደረሰ (መሳ. 11)። በእኛ ቤት «ሁለተኛ የእሱን ደጅ ብረግጥ ማርያም ትፍረድብኝ» ተብሎ ወንድምና እህት የወላጃቸውን ለቅሶ እንኳ ሳይገናኙ የሚያልፉበት ጊዜ አለ። እንዲህ ዓይነት መሐላ ያለበት ሰው መሐላዬን አላፈርስም እያለ ጠብ አያቆይ። የንስሐ አባቱን ወይም መጋቢውን አማክሮ በንስሐ ይውጣ።

6. ሰውን በስም አትያዙ። «እንዳትናገር በማርያም ይዤሃለሁ»፣ «በሥላሴ ገዝቼሃለሁ» እያሉ በጓደኛ ላይ መሐላ መጫን ሰውየውን ሕሊናው ከማይፈቅድለት ምሥጢር ጋር ማሰር ነው። በደል ያየ ሰው ለሚመለከተው እንዳይናገር በዚህ መንገድ አፉን የዘጋችሁት ከሆነ ነገሩ የበለጠ ይከፋል።

አድርጉ

7. ሰዓትን እንዳለ ተናገሩ። «ገና አልተነሣሁም፣ አርባ ደቂቃ ይፈጅብኛል» ያለ ሰው መሐላ አያስፈልገውም። ሰው መዘግየትን ይታገሣል፤ አራት ጊዜ «ደርሻለሁ» መባልን አይታገሥም። የዕለት ቃላችን የሚረክሰው ከትልልቅ ውሸቶች በፊት በእነዚህ ትንንሾቹ ነው።

8. ነጋዴ ከሆናችሁ ዋጋችሁን አንዴ ተናገሩ። የምታተርፉበት መሆኑን ገዢው ያውቃል፤ ማትረፍም ነውር አይደለም። «አተርፍበታለሁ፣ ከዚህ በታች ግን አይዋጣኝም» የሚል ነጋዴ ደንበኛ አያጣም። ገዢም «አቅሜ እዚህ ድረስ ነው» ማለት ይችላል።

9. ማረጋገጫ ካስፈለጋችሁ ማረጋገጫ ጠይቁ። ገንዘብ ስታበድሩ ጽሑፍና ምስክር፣ ዕቃ ስትገዙ ደረሰኝ፣ ሰው ስትቀጥሩ ተያዥ አለላችሁ። ይህ ንቀት አይደለም። ሰውን አስምሎ ከዚያ ደግሞ መጠርጠር ይብሳል።

10. የተሳላችሁትን አድርሱ። ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ፣ ለሰፈሩ ታቦት ጧፍ፣ ለቸገረው ጎረቤት የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ብላችሁ ከሆነ ቀኑ ሳያልፍ ፈጽሙት። መክብብ ተስሎ ከማዘግየት ጨርሶ አለመሳል እንደሚሻል ይመክራል (5፥4–5)። ለሰው የገባችሁትን ቃልም በዚሁ ሚዛን ያዙት። አባቶች «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት ቀልደው አልነበረም።

11. ፍርድ ቤት ለምስክርነት ከተጠራችሁ ከመቆማችሁ በፊት አስቡበት። አብያተ ክርስቲያናት እዚህ ላይ አንድ ዓይነት አቋም የላቸውም። ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም በዳኛ ፊት ለእውነት የሚደረግን መሐላ ከሰፈር መሐላ ለይተው ያያሉ። ሉተራውያን በ1530 እ.ኤ.አ. በአውግስቡርግ የእምነት መግለጫቸው መንግሥት ሲጠይቅ መማል እንደሚቻል ጽፈዋል። ዛሬ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ታሪኳን የምትመዝበት የአናባፕቲስቶች ወገን ደግሞ በ1527 በሽላይትሃይም ባወጣው መግለጫ መሐላን ጨርሶ ከልክሏል። ሁሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ በዚያ ስፍራ መዋሸት ድርብ ኃጢአት ነው። ለዘመድ ተብሎ፣ ለብሔር ተብሎ፣ ለውለታ ተብሎ በሐሰት አትመስክሩ። በሕግም የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው። ሕሊናችሁ መማልን የማይፈቅድ ከሆነ ቃል ከመስጠታችሁ አስቀድሞ ለዳኛው በአክብሮት አስረዱ።

ስለ መሐላ ሁለት ታሪኮች እናስታውስ። አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለአድዋ ዘመቻ ባስነገሩት የክተት ዐዋጅ፣ ወስልቶ የሚቀረውን እንደማይምሩ በማርያም ምለዋል። ክርስቲያን በዚያ መሐላ ላይ እንኳ ሊከራከር ይችላል፤ ነገሩ ግን የአገር ህልውና ነበር፤ የሰማውም ቀልድ እንዳልሆነ ገብቶታል። ዛሬ ያው ስም በአንድ ታክሲ ጉዞ ውስጥ አሥር ጊዜ ይጠራል። ገንዘብ ሲበዛ ዋጋው እንደሚወርድ ሁሉ የእኛም መሐላ ምንም የማይገዛ ሆኗል።

ሁለተኛው የዮሐንስ አፈወርቅ ነው። በ387 እ.ኤ.አ. የአንጾኪያ ሕዝብ በአዲስ ግብር ተቆጥቶ የንጉሡን የቴዎዶስዮስንና የቤተሰቡን ሐውልቶች ገለበጠ። ከተማው የንጉሡን ቅጣት እየጠበቀ በፍርሃት ሲንቀጠቀጥ፣ ያኔ ቄስ የነበረው ዮሐንስ በዐቢይ ጾም ለተሰበሰበው ሕዝብ ተከታታይ ስብከት ሰበከ። ሕዝቡ ስለ ሰይፍና ስለ እስር ይጨነቃል፤ እሱ ግን እያጽናና በብዙዎቹ ስብከቶቹ ወደ አንድ ልመና ይመለሳል፦ መማልን ተዉ። ሕዝቡ ሰልችቶት ሊሆን ይችላል፤ እሱ አልሰለቸም። የሚምለውን ብቻ ሳይሆን የሚያስምለውንም አብሮ ወቀሰ። ልማዱ ከቤተሰቡ እንዲጠፋ የሚፈልግ አባወራ ሲምል የተገኘው ሰው እራት ሳይበላ እንዲያድር ያድርግ፣ ራሱም ቢሆን አይለፍ የሚል ምክርም ሰጥቷል። መፍትሔው የሚያስቅ ሊመስል ይችላል፤ ሰባኪው ግን ልማድ በምክር ብቻ እንደማይወጣ ገብቶታል።

ለ. ስሙን የት እንጥራው?

መሐላ ይቅር ማለት ስሙ ከአንደበታችን ይጥፋ ማለት አይደለም። አማርኛችን ከጧት እስከ ማታ ስሙን የሚጠራባቸው መልካም ቦታዎች አሉት፤ እነሱን አብዙ።

12. ስታመሰግኑና ስትመርቁ ጥሩት። እንግዳ ሲገባ ተነሥቶ «ኖር» ማለት፣ እሱም «በእግዚአብሔር» ብሎ መመለስ፤ ላበላችሁ ሰው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ»፣ ለወለደች «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ ላዘነ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ ለተጣላ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ማለት ሁሉ ስሙ በተገቢው ቦታ የተጠራበት ነው። ልጆች እነዚህን በአፍ እንዲለምዱ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚባሉም አስተምሯቸው።

13. የፍቅር ልመናን ከመሐላ ለዩ። እናት ጉርሻ ይዛ «በሞቴ» ስትል ውሸት ልታሳምን አይደለም። በሌላው አፍ ላይ ሕግ አትሁኑ፤ በየማዕዱ ቃል እየለቀማችሁ ሰው አታሸማቅቁ። በራሳችሁ አፍ ግን ተጠንቀቁ፤ ጠግቤያለሁ ያለን ሰው ሦስተኛ ጊዜ «በሞቴ» ማለት ደግነቱን ወደ ግዴታ ይለውጠዋል።

ሐ. ስድብን በተመለከተ

አታድርጉ

14. የሰውን አካል ለስድብ አታውሉ። መስቀለኛ መንገድ ላይ መኪናዎች ሲተላለፉ መስኮት ዝቅ ተደርጎ የሚወረወረው ቃል «ዕውር ነህ?» ነው፤ እግረኛ ጥሩምባ ካልሰማ «ደንቆሮ» ይባላል። በዚያው ሰዓት ነጭ በትር ይዞ የሚያልፈው ሰው ይሰማል። ኦሪት ደንቆሮን መርገምንና በዕውር ፊት እንቅፋት ማኖርን በአንድ ቁጥር ከልክሏል (ዘሌ. 19፥14)። «ቆማጣ» የሚለውም ይቅር፤ የሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ስድቡ ግን ከዳኑ በኋላም በሰዎች ላይ ተለጥፎ ይኖራል።

15. የሰውን ሙያ ለስድብ አታውሉ። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው የሠሩልንን ይዘን ስማቸውን ግን ለንቀት ስናውለው ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል። ጌታ ራሱ በናዝሬት የጠራቢ ልጅ እየተባለ የተናቀ ነበር (ማቴ. 13፥55)። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ «ጠይብ» የሚለው ቃል በጋብቻ ምክክር ላይ ገና ከተነሣ ዐዋጁን ያልሰማነው እኛ ነን።

16. በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ ስፍራ አትሳደቡ፤ የሚሳደብን አታጅቡ። ሕጉም አለ፦ በሰው ክብር ላይ የሚሰነዘር ስድብ በወንጀል ሕጋችን ያስጠይቃል፤ የጥላቻ ንግግርን ደግሞ ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይከለክላል። ክርስቲያን ግን ሕጉ እስኪደርስበት አይጠብቅም። የሚሰድበው ሰው የእግዚአብሔር አርአያ መሆኑን ያዕቆብ ነግሮታል (3፥9)።

17. በሳቅ አትሸፍኑት። «ቀልዴን ነው» የተባለ ስድብ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ የተሰደበው ሰው መቆጣት እንኳ አይፈቀድለትም። ጳውሎስ የሚያሳፍር ወሬንና የማይገባ ቀልድን በአንድ ረድፍ ያስቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም (ኤፌ. 5፥4)። ሳቅ አልተከለከለም፤ ማን ላይ እንደሆነ ግን ይጠየቃል።

አድርጉ

18. ጥፋትን በስሙ ጥሩት፣ ሰውን ግን በጥፋቱ አትጥሩት። «ሌባ ነህ» ከማለት «መልሱ አምስት ብር ጎድሏል» በሉ። የታክሲው ረዳት መልሱን ይሰጣችኋል፤ ካልሰጠም ክርክሩ ስለ አምስት ብር ሆኖ ይቀራል። «አንተ ዘረ ቢስ» ከተባለ በኋላ ግን ብሩ ተረስቶ ጠቡ ስለ አባቱ ይሆናል።

19. ሲሰድቧችሁ ዝቅ ባለ ድምፅ መልሱ፤ ወይም ዝም በሉ። የለዘበ መልስ ቁጣን እንደሚያበርድ የሚናገረው የምሳሌ ቃል (15፥1) ፈሪ አያደርግም። ከአፍ የወጣ ቃል አፋፍ እንደሚወጣ ስለሚያውቅ ነው አስተዋይ የሚታገሠው።

መ. እርግማንን በተመለከተ

20. ልጆቻችሁን አትርገሙ። «ምነው በቀረህ»፣ «ድፍት በል»፣ «ከእኔ ማኅፀን ባልወጣህ» የሚባለው ወተት ስለደፋና ጫማ ስለጠፋ ነው። ንዴቱ በአምስት ደቂቃ ያልፋል፤ ልጁ ግን ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ቃሉን ከነድምፁ ያስታውሰዋል። ወላጅ የሚመርቅበት አፍ በአገራችን ትልቅ ዋጋ አለው፤ ልጅ ለመንገድ ሲነሣ አጎንብሶ ምርቃት የሚቀበለው ለዚህ ነው። በዚያው አፍ መርገም ምርቃቱን ራሱን ያረክሰዋል (ያዕ. 3፥10)።

21. ጸሎትን የበቀል መሣሪያ አታድርጉ። በጠላት ላይ ዳዊት ማስደገም በብዙ ቦታ የታወቀ ነው። መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ያለው ጩኸት የተበደለ ሰው በቀሉን ከእጁ አውጥቶ ለፈራጁ የሚሰጥበት ነው፤ ጎረቤት በድንበር ወይም በቤት ኪራይ ስላስቀየመን የምንተኩሰው ጥይት አይደለም። «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ማለትም ሁለት ፊት አለው። በቀሉን ትታችሁት ከሆነ ሮሜ 12፥19ን ፈጸማችሁ። «ቆይ ታየዋለህ» እያላችሁ ሰውየው እስኪወድቅ የምትጠብቁ ከሆነ ግን አልሰጣችሁም፤ አስቀምጣችሁታል።

22. የበደላችሁን ሰው በስሙ እየጠራችሁ መልካም ለምኑለት። መጀመሪያ ከአንገት በላይ ይሆናል፤ ይሁን። ጌታ ለሚረግሙን እንድንመርቅ ሲያዝ (ሉቃ. 6፥28) ስሜታችን እስኪለወጥ ጠብቁ አላለም።

ሠ. ስለ ሐሜትና ስለ ተግሣጽ

23. ቡና ላይ የሌለን ሰው ጉዳይ ሦስተኛው ስኒ ድረስ አትጎትቱ። ወሬውን ማስቆም ከከበዳችሁ «እሷ ራሷ ብትኖር ጥሩ ነበር» በሉ፤ ይበቃል።

24. ተግሣጽ ሲያስፈልግ ለብቻችሁ ሂዱ። ማቴዎስ 18፥15 መጀመሪያ በሁለታችሁ መካከል ይላል። መልካም ንግግር ማለት ማር ማር የሚል ንግግር አይደለም። ጳውሎስ መለኪያውን ሲያስቀምጥ (ኤፌ. 4፥29) ቃሉ ያንጻል ወይ፣ በጊዜው አስፈላጊ ነው ወይ፣ ለሰሚው ጸጋ ይሆናል ወይ ብሎ ነው። በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብዙ ማሞካሸት ይወድቃል፤ ብዙ መራራ እውነት ደግሞ ያልፋል። የዕድር ሊቀመንበርን ፊት ለፊት አሞግሶ ከበር ውጭ ስለ ጎደለው ሂሳብ ማማት በሦስቱም ይወድቃል።

ረ. በስልክና በማኅበራዊ መገናኛ

25. «ይህን መልእክት ለ12 ሰው ላኩ፣ ካልላካችሁ መቅሠፍት ይደርስባችኋል» የሚለውን ወደ ማንም አታሳልፉ። ይህ ሰውን በስም መያዝ ነው፤ የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነው። ዘመድ ከላከላችሁም አታዋርዱት፤ በግል «እንዲህ ያለውን አልልክም፣ ጸሎትህን ግን እፈልጋለሁ» በሉት።

26. በመዝሙርና በስብከት ቪዲዮ ሥር አትሰዳደቡ። «መናፍቅ»፣ «ጣዖት አምላኪ» እየተባባሉ በቲክቶክ ላይቭ ሌሊቱን የሚያነጉ ሰዎች ራሳቸውን የሃይማኖት ጠበቃ አድርገው ያያሉ። ስለ እምነታችን ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ እንድንሰጥ ያዘዘው ሐዋርያ በየዋህነትና በአክብሮት ይሁን ብሏል (1ጴጥ. 3፥15)። በሐሰት ስም የተከፈተ ገጽ ደግሞ ከዚህ ትእዛዝ አያስመልጥም።

27. ከመላካችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ለሰውየው ፊት ለፊት የማትሉት ከሆነ አትላኩት። ያልላካችሁትን ነገ መላክ ትችላላችሁ። የላካችሁትን ግን ብታጠፉትም ፎቶ ያነሣው ሰው ይኖራል።

ሰ. በቤት ውስጥ፣ ከልጆች ጋር

28. ልጅን አታስዋሹ። የዕቁብ ሰብሳቢው በር ሲያንኳኳ «አባዬ የለም በለው» የተባለ ልጅ በቃል ከተማረው የእሑድ ትምህርት ይልቅ ይህን ያምናል። ነገ ሲዋሻችሁ ደግሞ «ማርያምን በል» ትሉታላችሁ። አዙሪቱ እዚህ ይጀምራል።

29. በውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች የልጆቻችሁን ሌላ ቋንቋም አድምጡ። በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም በአማርኛ «ባለጌ» ማለትን የሚቆጣ አባት ልጁ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ የሚለውን ከዚያ የከፋ ቃል ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ቃሉ እሱን አይቆረጥመውም። የተሰደበውን ልጅ ግን ይቆረጥመዋል። በቃሉ ከመጮህ በፊት ልጃችሁ ለማን እንደተናገረውና ለምን እንደተናገረው ጠይቁ።

30. ልጅ እውነቱን ተናግሮ ጥፋቱን ሲያምን ቅጣቱን አቅልሉ። ብርጭቆ ሰብሬያለሁ ብሎ የመጣውን ልጅ ከካደው እኩል ከቀጣችሁ ሁለተኛ ጊዜ የሚመጣ የለም።

ሸ. በመድረክና በዐውደ ምሕረት ለምትቆሙ

31. «ጌታም ፈሪሳውያንን ገሥጿል፣ ሄሮድስንም ቀበሮ ብሏል» (ሉቃ. 13፥32) እያላችሁ ለስድብ ፈቃድ አትውሰዱ። ጌታ በኃይለኛ ቃል የተናገረው ሥልጣን ላይ ለነበሩትና በሕዝብ ላይ ሸክም ለጫኑት ነው፤ በምንዝር ለተያዘችው ሴት፣ ለቀራጩ፣ ለሳምራዊቷ እንዲህ አልተናገረም። ዛሬ ማይክሮፎን የያዘ ሰው ቃሉን የሚያከርረው ብዙ ጊዜ መልስ መስጠት በማይችል ሰው ላይ ነው።

32. እግዚአብሔር ያልነገራችሁን «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» አትበሉ። ይህ ከገበያ መሐላ የበለጠ ስሙን በከንቱ መጥራት ነው፤ የሚያምናችሁ ሰው ቤቱን ሸጦ ወይም ትዳሩን ትቶ ሊሄድበት ይችላል።

ቀ. ስትሳሳቱ

33. ካመለጣችሁ ለሰደባችሁት ሰው፣ በሰደባችሁበት ቦታ ይቅርታ ጠይቁ። በሥራ ቦታ ሁሉም ፊት ከሰደባችሁ በስልክ ይቅርታ አይበቃም። «ይቅርታ፣ ግን አንተም…» አትበሉ፤ ከ«ግን» በኋላ ያለው የመጀመሪያውን ያጠፋዋል።

34. በጾም ወቅት ለአንደበትም የጾም መርሐ ግብር አውጡለት። ቤተ ክርስቲያን ዓይን፣ ጆሮና አንደበት ከሆድ ጋር አብረው እንዲጾሙ ታስተምራለች። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋና ከወተት የሚከለከል ሰው ለእነዚሁ ቀናት መሐላን መተው ይችላል፤ ለልማድ ለውጥ ደግሞ በቂ ጊዜ ነው። ሌሎቻችሁም በቤተሰብ ተስማምታችሁ አንድ ወር ያዙ።

35. የትኛውን ቀድማችሁ እንደምትጀምሩ ካላወቃችሁ በመጀመሪያው ቁጥር ጀምሩ። የራስን መሐላ ማስቆም ይከብዳል፤ ቃሉ ሳይታሰብ ያመልጣል። ሌላውን አለማስማል ግን ዛሬውኑ በእጃችሁ ነው። ልጃችሁ፣ ባለቤታችሁ፣ ሠራተኛችሁ አንድ ነገር ሲነግሯችሁ «እሺ፣ አመንኩ» በሉ፤ ካላመናችሁም «ይህን ልጠይቅ» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዴ ትታለላላችሁ። ስታስምሉም ግን ትታለሉ ነበር። ልዩነቱ አሁን የዋሸው ሰው የሚደበቅበት ስም ማጣቱ፣ እውነቱን የተናገረውም ያለ ማርያም ምስክርነት መታመኑ ነው።